ኻልቲ አምና፣ የኦ ደምና አንድ አጎበር

«ኻልቲ አምና አረፈች። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት።»

መልእክቱ ይኸው ነው። የላከችልኝ ሲስተር መሠረት ናት፤ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጤና ጣቢያ አብረን የሠራን አዋላጅ ነርስ። እኔ አሁን ከዚያ አገር ርቄ ጎጃም ነው የምሠራው። መልእክቱን ሳነብ ከፊቴ ገና ያልታዩ የደም ስላይዶች ተደርድረው ነበር። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ትናንት የተቀበረችን ሴት ዛሬ ይነግሩኛል? ሲስተር መሠረትን ልቆጣት ስልኩን አንስቼ፣ ብትነግረኝስ በየት በኩል እደርስ ነበር ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የላብራቶሪ ሰው እያለቀሰ ማይክሮስኮፕ ማየት ስለማይችል የዚያን ቀን ሥራዬን ለጓደኛዬ ትቼ ወጣሁ።

ኻልቲ በበርታዎች ዘንድ አክስት ማለት ነው፤ የእናት እህት። የወለደቻቸው ልጆች የሏትም፤ አገሬው ግን ሁሉ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣው ሠፋሪ ሳይቀር፣ ኻልቲ ይላታል። አጭር፣ ቀጭን፣ ከሱዳን በሚመጣ ስስ ቢጫ ልብስ ከራሷ እስከ እግሯ የተጠቀለለች ሴት ነበረች። ነጩን ጋዋን በላዩ ትደርባለች፤ ቁልፉን ቆልፋው ግን አይቼ አላውቅም። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ለኔም፣ ለሲስተር መሠረትም፣ ለጤና ጣቢያው ኃላፊም «አንተ» ነው። እኔ በአገሬ ደንብ «እርስዎ» ስላት ደግሞ ዘወር ብላ ታያለች። «ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ?» ትላለች። ስለዚህ አንቺ አልኳት፤ እሷም ደስ አላት።

ሥራ የጀመረችው ለወባ መከላከል ሰዎች ስላይድ በማጠብ ነው። ስታጥብ ታያለች፣ ስታይ ትጠይቃለች፣ የሚያስተምራት አንድ ሽማግሌ አገኘች፣ እያለ እያለ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጠች። በኋላ አጭር ሥልጠና ወስዳ ወረቀትም አገኘች። እኔ ዲግሪዬን በፕላስቲክ አሽጌ የመጣሁ ቀን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ዲግሪ አለው?»

«አለኝ።»

«ጥሩ ነው። ወባ ግን ዲግሪ አይፈራም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ያ ዲግሪ» ሆኖ ቀረ።

አሠራሯ ያናድደኝ ነበር። ስላይዱን ታስቀምጥና ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ በቀኝ እጇ ማይክሮስኮፑን እያዞረች፣ በግራ እጇ የዚክር መቁጠሪያዋን መስበሃ ትይዛለች። አንድ እይታ፣ አንድ ፍሬ። ዘጠና ዘጠኙ ፍሬ ሲያልቅ «አንዱ ከራሴ» ትልና መቶ ትሞላለች። ደሙ የነፍሰ ጡር ከሆነ ደግሞ አንድ ዙር አይበቃም፤ ሁለት ዙር ሳትጨርስ «የለም» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ውጭ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እኔ ሦስት ስላይድ ስጨርስ እሷ አንዱ ላይ ናት።

«ኻልቲ፣ ሰው ቆሟል እኮ!»

«ይቁም። እርጉዝ ላይ ወባ ይደበቃል፤ የልጁ ቤት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ጣት ላይ አንድ ሁለት ብቻ ይወጣል። አንተ ቶሎ ቶሎ ያያል።»

የልጁ ቤት የምትለው የእንግዴ ልጁን ነው። ትክክል ናት፤ ይህን እኔ በአራት ዓመት ትምህርት ነው ያወቅኩት። ግን ትክክል ከሆነች ስላይድ አጣቢ የባሰ የሚያናድድ ነገር አለ? ያኔ እንደዚህ ነበር የማስበው፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ነፍሰ ጡሮች ለክትትል ይመጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ትምህርት እንሰጣለን። የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ደም ዓይነትና ስለ ወባ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። የኦ ደም ያላቸው ሰዎች ወባው ብዙም አይበረታባቸውም ይላል። ሌሎች ጽሑፎች በመጀመሪያ እርግዝና ላይ እንዲያውም ተቃራኒውን እንደሚሉ አላነበብኩም። ያነበብኳትን አንዷን ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ ሲያዳምጡኝ ደስ አለኝ፤ ባሎቻቸው አጥሩን ተደግፈው ሲያዳምጡኝ ይበልጥ ደስ አለኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ?

«እኔ ራሴ ኦ ነኝ» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። «ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው፤ ወባ ነክቶኝ አያውቅም።»

ከአጥሩ ዘንድ አንድ ሰው እጁን አወጣ። አልታሂር ይባላል፤ ማንጎና ሰሊጥ የሚነግድ፣ ደህና አማርኛ የሚናገር በርታ። ሁለት ሚስቶች አሉት። የመጀመሪያዋ ሐሊማ ጡት የምታጠባ ናት፤ ሁለተኛዋ ዛህራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ክትትል ጀምራለች።

«ሐኪም፣ እኔ ቤት ደህና አጎበር አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ተቀዷል። ዛህራ ካርዷ ላይ ኦ ይላል፣ ሐሊማ ቢ ናት። አጎበሩ ለማን ይሁን?»

ለሁለቱም አጎበር እስኪገኝ ነፍሰ ጡሯ ትተኛበት ማለት ነበረብኝ። ማንም የጤና ተማሪ ይህን ያውቃል። እኔ ግን የጀመርኩትን ማበላሸት አልፈለግኩም።

«ከቸገረ እንግዲህ» አልኩ፣ «ቅድሚያ ኦ ላልሆነችው ነው።»

ኻልቲ አምና ከላብራቶሪው በር ብቅ አለች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። «አይሆንም!» አለች። «እርጉዝ አጎበር ይተኛል። ኦ ይሁን፣ ምን ይሁን፣ ይተኛል!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። ፊቴ ጋለ። «ኻልቲ፣ ይሄ የተማረ ሰው ጉዳይ ነው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው የማይደርስበት ደርሶ ነበር። ሴቶች ክትትል ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፅንሱ ሳይሆን ስለ ደማቸው ዓይነት ሆነ። ኦ የሆነች እልል ትላለች፣ ኤ የሆነች ታቀረቅራለች። አንዲት የሠፋሪ ልጅ ቢ ነሽ ስትባል ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ኦ የሆኑት ጣታቸውን መወጋት እምቢ ማለት ጀመሩ፤ «እኛ ምን ያደርግልናል» ይላሉ። ኻልቲ ያኔ አንድ ነገር አደረገች። የደም ዓይነቱን ለድንገት ስለሚያስፈልግ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ በአፏ ግን ለማንም አትናገርም።

«ኻልቲ፣ ደሜ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው።»

«ቀይማ የሁሉም ነው! ዓይነቱን ንገሪኝ እንጂ።»

«አየሁት፣ ቀይ ነው። ወላሂ ቀይ ነው። ሂድ አጎበር ውስጥ ተኛ።»

እኔን ግን ያን ሰሞን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ይህ ነበር የከበደኝ። ብትሰድበኝ ተሰዳድበን ይወጣልን ነበር። ዝም ብላ ስላይዷን ታያለች፣ ሻይ ስታፈላ ለኔም ትቀዳለች፣ ያ ዲግሪ ትለኛለች። እኔም ውስጤ እያወቀ ስህተቴን ማረም ሞት ሆነብኝ። ነገ ነገ ስል ክረምቱ ወጣ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ውኃው በየጉድጓዱ ተኝቶ፣ ወባው አገሩን ሞልቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጣት መውጋት ብቻ ነበር ሥራችን። አንድ ረፋድ ላይ አንድ ሞተር ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። የሚነዳው አልታሂር ነው፤ ከኋላው ሐሊማ፣ በመካከላቸው ዛህራ። ስምንት ወሯ ነው። ሐሊማ ጣውንቷን ከኋላ አቅፋ ባትይዛት ኖሮ መንገድ ላይ ወድቃ ነበር። የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ከውስጥ ነጭ ነው።

ሲስተር መሠረት አስተኛቻት። እኔ ደም ወስጄ ሮጥኩ። ሄሞግሎቢኗ አራት ነው፤ ቢያንስ አሥራ አንድ መሆን ነበረበት። ስላይዷን አየሁ። በፍጥነት አየሁ፤ ምንም የለም። ካርዷን ሳገላብጥ ኦ ይላል። «ወባ አይደለም» አልኩ። «ሌላ የደም ማነስ ነው።» ይህን ስናገር ድምፄ ውስጥ እፎይታ ነበረበት፤ ወባ ካልሆነ እኔ የለሁበትማ!

ኻልቲ ስላይዱን ከእጄ ወሰደችው። ተቀመጠች። ግራ ዓይኗን ጨፈነች፤ መስበሃው መንቀሳቀስ ጀመረ። አልታሂር በር ላይ ቆሟል፣ ሲስተር መሠረት «ምን ልስጣት? ንገሩኝ እንጂ!» እያለች ከወዲያ ትጮኻለች። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። የለም። «ኻልቲ፣ በአላህ!» አልኳት። አልሰማችኝም። ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። እኔ ፍሬዎቹን በዓይኔ እቆጥራለሁ። ሰባ ገደማ ላይ እጇ ቆመ።

«ና። እይ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዲት ቀጭን ቀለበት፣ በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ። አንዲት ብቻ። አደገኛው የወባ ዓይነት ነው።

ሲስተር መሠረት የወባውን መርፌ ወጋቻት። ኻልቲ ግን ወደ አልታሂር ዞራ አማርኛውን ትታ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ የመለሰው በአማርኛ ነው፣ እኔን እያየ።

«አጎበሩ ሐሊማ ጋ ነው። ዛህራ ኦ ናት፣ አያስፈልጋትም ብሏል ሐኪሙ።»

ከበሩ ወዲያ ሐሊማ የዛህራን ራስ ጭኗ ላይ እንዳደረገች መሬት መሬቱን ታያለች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ኻልቲ ብቻ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ፣ እጇን አጨበጨበች። «ኸላስ፣ በቃ። አሁን ወሬ የለም። ደም እንፈልግ።»

ሲስተር መሠረት ወደ ሆስፒታል ደወለች። ኦ ደም አልቋል፤ ሰጪ ይዛችሁ ኑ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አሏት። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት ሊያመጣ ሄዷል፤ የሚመለሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ስለ ኦ ደም ሳወራ ያልነገርኳቸው ሌላው ነገር ይኸው ነበር። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ የሚቀበለው ግን ከኦ ብቻ ነው። ኦ ነን ብለው እልል ሲሉ የነበሩት ደግሞ ሁሉም ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ አንዷም መስጠት አትችልም። አልታሂርን መረመርነው፣ ኤ ነው። ሐሊማ ቢ ናት። ኻልቲም ቢ ናት፤ ሲስተር መሠረትም ኤ።

«እኔ አለሁ!» አልኩ። «እኔ ኦ ነኝ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት። ያጠፋሁትን በደሜ ልክስ ነው። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ኻልቲ ጣቴን ያዘች።

«አንተ ሁለት ቀን ራሱን ያመዋል» አለችኝ።

«ድካም ነው።»

«እናያለን።» ወጋችኝ። በፈጣኑ መመርመሪያ ላይ ደሜን ጣለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው የሚባለው፣ የኔ ግን አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሁለት መስመር ወጣ። ሁለቱም ደማቅ ናቸው።

ወባ አለብኝ። ኦ የሆንኩት እኔ፣ ሁለት ክረምት ያልተነካሁት እኔ! ወባ ያለበት ሰው ደም አይሰጥም። ኻልቲ ልትስቅብኝ ትችል ነበር፤ የሚገባኝም እሱ ነበር። እሷ ግን ኪኒኑን አውጥታ በእጄ አስጨበጠችኝ፤ ውኃ ቀድታ እስክውጠው ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዋጠ? ጥሩ። አሁን ዕቃ ያዝ። ባጃጅ ተራ እንሄዳለን።»

ለምን ባጃጅ ተራ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ስንደርስ ነው። መንጃ ፈቃድ ላይ የደም ዓይነት ይጻፋል። ኻልቲ ቢጫ ልብሷን እያስጎተተች ዘጠኝ ሾፌሮች መሀል ቆመችና «መንጃ ፈቃድ!» ስትል ትራፊክ ፖሊስ የመጣባቸው መስሏቸው ሁለቱ ሞተር አስነሱ። «ትራፊክ አይደለም፣ ደም ነው!» ስትላቸው ደግሞ አንዱ ባጃጁን ጥሎ ሮጠ።

የሰጧትን ሁሉ አገላበጥን። ሁለት ሰዎች ላይ ኦ ይላል። ተመስገን አልኩ። «እንሂድ፣ ሁለት አገኘን» ብዬ እጇን ስጎትት እሷ የባጃጁ ወንበር ላይ ነጩን የደም መለያ ሰሌዳ አስቀምጣ መርፌ ትከፍታለች።

«ኻልቲ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል እኮ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ወረቀት ደም የለውም» አለችና የመጀመሪያውን ጣት ወጋች። ኤን በሚለየው ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ደሙ እህል እህል አክሎ ተቋጠረ። ኤ ነው።

«ኦ ነህ ብሎ ማን ነገረህ?» አልኩት እየጮህኩ።

«እኔ ምን አውቄ? ፎርሙን የሞላልኝ ሰውዬ ነው የጻፈው» አለ ሾፌሩ።

ሁለተኛው እውነተኛ ኦ ሆነ። አንድ ሰው አገኘን፤ አንድ ይቀራል። ሃያ ደቂቃ ሄዷል። ራሴ ይፈነከታል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ፀሐይዋ ደግሞ አናት ትበሳለች። ኻልቲ የቀሩትን መንጃ ፈቃዶች ሰብስባ ለባለቤቶቻቸው መለሰች። «ሁላችሁም ጣት ስጡኝ» አለች።

«እኔ ኤቢ ነኝ፣ ይኸው ተጽፏል» አለ እንድሪስ የሚባል የሠፋሪ ልጅ፣ እጁን ከኋላው እየደበቀ። «ምን ያደርግልሻል ኻልቲ? አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ!»

«አንተ እናት አለው?»

«አለችኝ።»

«አንተን ሲወልድ ደም ፈሶታል። አንድ ጠብታ ስጠኝ።»

ጣቱን ሰጣት። ሰማያዊው ላይ አልተቋጠረም። ቢን የሚለየው ቢጫው ላይም አልተቋጠረም። ሰሌዳውን አዘንብላ፣ አቅንታ፣ ደግማ አዘነበለችው። ኦ ነው። እንድሪስ መንጃ ፈቃዱንና ሰሌዳውን እያፈራረቀ ሲያይ ኻልቲ ክንዱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው እየጎተተችው ነበር። እኛ ከግቢው በር ስንደርስ አምቡላንሱም ደረሰ።

ሄዱ። ሲስተር መሠረትም ከዛህራና ከሁለቱ ሰጪዎች ጋር ተሳፈረች፤ ኻልቲና እኔ ቀረን። ውጭ ሰልፉ ስለነበር ስላይድ ማየታችንን ቀጠልን። ከቀትር በኋላ ሲስተር መሠረት ከሆስፒታል ደወለች። ዛህራ ደሙ ገብቶላት ነፍሷ ተመልሷል። ልጁ ግን ሞቶ ተወልዷል። ወንድ ነበር።

ኻልቲ ነገሩን ሰማች። መጀመሪያ እጇን ታጠበች። ከዚያ «ማክሰኞ አንተ ይናገራል። እኔ እተረጉማለሁ» አለችኝ።

«አልታሂር ይገድለኛል።»

«ምናልባት። ካልተናገረ ግን ሌላ ሴት ይሞታል።»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ አሶሳ ልጥፋ አሰብኩ፣ የሕመም ፈቃድ ልጠይቅ አሰብኩ። ማክሰኞ ጠዋት ማንጎው ሥር ስቆም አልታሂር ከፊት ተቀምጧል። ዓይኔን ቀና ማድረግ አልቻልኩም። «ባለፈው ስለ ኦ ደም የነገርኳችሁ ስህተት ነው» አልኩ። «ኦ ደም ወባን አያስቀርም። ቢያስቀርማ እኔን አይዘኝም ነበር። ማንኛዋም እርጉዝ አጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ሁላችሁም ተመርመሩ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ይኸው ነው የተናገርኩት፤ አንድ ደቂቃም አይሞላም።

ኻልቲ ወደ በርታ ቋንቋ ተረጎመችው። ረዘም አድርጋ ነው የተረጎመችው፤ ደረቷን እየመታች፣ አንዴ ወደኔ እያመለከተች። በርታ አልችልም፤ ነገሩን እያስረዳችልኝ መሰለኝ። አልታሂር ተነሳ። ደነገጥኩ፤ ወደኔ ግን አልመጣም። ጥቂት ቆሞ አየን፣ ከዚያ ትቶን ወጣ።

በሳምንቱ ገበያ ላይ አገኘኝና ሰላም አለኝ። ማንጎ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። «አንተ እንግዳ ነህ፤ ምን ታደርግ» አለኝ። ምሕረቱ መሰለኝ፤ ቤቴ ገብቼ እያለቀስኩ በላሁት። ከዚያ ወዲያ አንዳንድ ሴቶች ኻልቲ ልትወጋቸው ስትል እጃቸውን ይሰበስቡና እኔ እንድወጋቸው ይጠብቃሉ። እጄ ለስላሳ ስለሆነ መሰለኝ። እሷ ወደ ማይክሮስኮፗ ትመለሳለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ጡረታ ወጣች፤ ዓመት ሳይሞላ እኔም ተዛወርኩ። አልፎ አልፎ ስደውልላት «ያ ዲግሪ፣ አሁንም ቶሎ ቶሎ ያያል?» ትለኛለች።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ለማን ለቅሶ እንደምደርስ ግራ ገባኝ። ቤተሰብ የላትም። ሲስተር መሠረት የዛህራን ስልክ ሰጠችኝ። ዛህራ አሁን ሁለት ልጆች አሏት፤ ሁለቱንም ስታረግዝ ኻልቲ ጡረታ ወጥታም ቢሆን ቤቷ ድረስ እየሄደች አጎበሯን ትፈትሽ ነበር አሉ።

«ኻልቲ ሞተ» አለችኝ ዛህራ እያለቀሰች። «ሰው ብዙ መጣ። ጥሩ ቀብር ነው። አልታሂርም አውፍ አለ፤ አልሐምዱሊላህ።»

አውፍ ማለት ይቅር ማለት ነው። ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ኢማሙ በሟች ላይ ሐቅ ያለው፣ የተበደለ ካለ፣ ይቅር ይበል ብለው ይጠይቃሉ። አልታሂር ከሰዉ መሀል ወጥቶ «የልጄን ነገር ይቅር ብያታለሁ» አለ።

«ዛህራ፣ ለኻልቲ ነው ይቅርታው? ኻልቲ ምን አደረገችው?»

«አንተ አያውቅም? የዚያ ቀን፣ ማንጎ ሥር፣ ኻልቲ ራሱ ተናገረ። ‘ይሄ ሐኪም እንግዳ ነው፤ ስለ ኦ ደም መጀመሪያ እኔ ነኝ በስህተት የነገርኩት፤ አይሆንም ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ እሱ እኔን አምኖ ተናገረ፤ ጥፋቱ የኔ ነው’ አለ። ሁላችን ሰማን።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳደረገችው ይገባኛል። እሷ ጡረታ ልትወጣ ወራት ነበር የቀሯት፤ የምቀረው እኔ ነበርኩ፤ ላብራቶሪውን ሰው ካላመነው ማን ሊመረመር ይመጣል? ስሟን ሰጥታ ስሜን አተረፈችልኝ። እኔም ማንጎዬን በላሁ።

«አልታሂርን አገናኚኝ» አልኳት።

አልታሂር መጣ። «ሐኪም! ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? በዚያው ጥለኸን ሄድክ እኮ» አለኝ በዚያ ደስ በሚል ድምፁ።

«አልታሂር፣ የልጅህ ነገር የኻልቲ ጥፋት አልነበረም። እሷ ምንም አልነገረችኝም። እንዲያውም አይሆንም ብላ ጮኻለች፤ አንተም ሰምተሃል። እኔ ነኝ።»

ከወዲያ የሕፃናት ድምፅና የዛህራ ተግሣጽ ይሰማል። እሱ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።

«አራት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ቤቷ መንገዴ ላይ ነው ሐኪም። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ በደጇ ሳልፍ፣ ወጥታ ሰላም ትለኛለች። አንድ ቀን መልሼላት አላውቅም።»

እሱ ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም።